«ጉንፋኑ ጉበት ላይ ወረደ» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ ተቀምጦ ስለ ከባድ ኢንፍሉዌንዛና ስለ ኮቪድ ያስረዳል። «ቫይረሱ ከሳንባ ተነስቶ ጉበት ላይ ይወርዳል። የጉበት ኢንዛይም የሚጨምረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጉበታችሁን አጽዱ» አለ። ቀጥሎ የማጽጃውን ቅጠላ ቅጠል መቁጠር ሲጀምር ዘጋሁት።

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምውለው ከጉበት ሕሙማን ጋር ነው። ይቺን አባባል ታክሲ ውስጥ ሰምቻታለሁ፣ ሠርግ ላይ ሰምቻታለሁ፣ አንዳንዴም ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው አፍ ትወጣለች። ሳንባ በጠና ሲታመም ጉበት መነካካቱ እውነት ነው። እንዲያውም የተለመደ ነው። ስህተቱ ያለው «ወረደ» የምትለው ቃል ላይ ነው።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። አባቷን የኢንፍሉዌንዛ የሳንባ ምች ጥሏቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። ሲመጡ ጣታቸው ላይ ያደረግነው የኦክስጅን መለኪያ 78 ነበር ያነበበው። ልጅቷ የደም ውጤቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ ሁለት ቁጥሮች በቀይ አክብባ መጣች። ኤስጂኦቲ 118፣ ኤስጂፒቲ 64። ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች እነዚሁ ናቸው፤ ብዙ ላቦራቶሪ የድሮ ስማቸውን አልለቀቀም። የጤነኛ ሰው ጣሪያ 40 አካባቢ ነው።

«ዶክተር፣ ጉበታቸውንም በላው?» አለችኝ።

አልበላውም። ለቅሶ ቤት አስቢ አልኳት። ሐዘኑ የጎረቤት ነው፤ ሳንባ በይው። ንፍሮው የሚቀቀለው፣ ወጡ የሚሠራው ግን እናንተ ግቢ ነው፤ ጉበት በይው። የእድሩ ድስት መጥቷል፣ ሴቶቹ ሌሊቱን አልተኙም፣ ለቀስተኛው ይገባል ይወጣል። ጠዋት ዕቃ ሲቆጠር ስድስት ሳህን ተሰብሯል። ኤኤስቲና ኤኤልቲ እነዚያ የተሰበሩ ሳህኖች ናቸው። ሳህን ተሰበረ ማለት ሬሳው የወጣው ከእናንተ ቤት ነው ማለት አይደለም።

ሳቀች። እኔም ምሳሌዬን ስለወደድኩት እስኪበቃት ጎተትኩት።

አንደኛ፣ ሳህኑን ማን ሰበረው? ብዙ ጊዜ ለቀስተኛው ራሱ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አይጦችን በኢንፍሉዌንዛ አሳምሞ ጉበታቸውን አየ። ቫይረሱ ጉበት ውስጥ የለም። ሳንባ ላይ ለመዋጋት የተጠሩት ገዳይ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን ጉበት ውስጥ ተሰብስበዋል። የጉበቱ ነዋሪ ከሆኑት፣ ኩፕፈር ከሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ጋር ሆነው፣ አጠገባቸው ያለውን የጉበት ሴል ጎድተዋል። ቫይረስ የሌለበት የጉበት ብግነት፣ ማለትም መቆጣት። ለዩቲዩቡ ሰውዬ ይቺን ብቻ ባሳየው ይበቃኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጉበት ለቅሶው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎረቤት አይደለም። ሳንባ ሲቆጣ ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክት በደም ይላካል። ጉበት ይሰማና ሥራውን ይቀይራል። የብግነት ምልክት የሆነውን፣ ሲአርፒ ጨመረ ብለን የምንደነግጥበትን ፕሮቲን የሚሠራው ማን ይመስላችኋል? ጉበት ነው። በዚያው ሰሞን አልቡሚን የሚባለው ሌላው የጉበት ሥራ የሆነ የደም ፕሮቲን ይወርዳል። ይህን አይቶ «ጉበቱ ደከመ» የሚል አለ። ወጥ ቤቱ እኮ አልደከመም። እንጀራውን ተዉና ንፍሮ ቀቅሉ ተብለው ነው።

ሦስተኛው አየር ነው፤ በጣም የምፈራውም እሱን ነው። ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ ጉበት ውስጥ ያልፋል። አብዛኛው ግን አንጀትን ዞሮ፣ ኦክስጅኑን ከፊል ተበልቶ የመጣ ደም ነው። ጉበት ውስጥ ደግሞ ወረፋ አለ። መውጫው ደም ሥር ዙሪያ ያሉት ሴሎች መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሳቸው። የውኃ መስመር ጫፍ ላይ የሚኖር አዲስ አበቤ ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል፤ ግፊቱ ትንሽ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው የእሱ ቧንቧ ነው።

የልጅቷ አባት በሦስተኛው ሌሊት የደም ግፊታቸው ወረደ። ጠዋት ኤኤስቲ 3,400 ሆነ። ልጅቷ ስልኳን ስትዘረጋልኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግፊቱ በመድኃኒት ተመልሶ ስለነበር ቁጥሩ እስከ ማግስቱ ወደ 1,500 ወረደ፣ ከዚያም መውረዱን ቀጠለ። ኤኤስቲ ደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን 17 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ኤኤልቲ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። እንዲህ ተተኩሶ እንዲህ የሚወርድ ቁጥር የደምና የኦክስጅን እጥረት ምልክት ነው። የጉበት ቫይረስ በአንድ ሌሊት ወጥቶ በሁለት ቀን አይወርድም።

የተቀረውን ቶሎ ልበለው። የታመመ ሳንባ የልብን ቀኝ ጎን ሲያስጨንቅ ደም ወደ ጉበት ተመልሶ ጉበቱን ያሳብጠዋል። መድኃኒትም አለ። ፓራሲታሞል ለትልቅ ሰው ከቀን 4 ግራም አይለፍ ይባላል፤ ግን የጉንፋን ቅልቅል ኪኒኖች ውስጥም ስላለ ሰው ሳያውቅ ደርቦ ይውጣል። ኮቪድ ላይ የሚሰጠው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሬምዴሲቪርም ኢንዛይም ያነሳል። ኤኤስቲ ብቻውን ከፍ ሲል ደግሞ ጡንቻውን እዩልኝ። ኤኤስቲ ጡንቻም ልብም ቀይ የደም ሴልም ውስጥ አለ። ኢንፍሉዌንዛ እግሩን የሰባበረው ሰው የጡንቻ ጉዳት የሚያሳየው ሲኬ ይለካለት። ግማሹ ሳህን የጎረቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

«ታዲያ ቫይረስ መቼም ጉበት አይገባም?» ትሉኝ ይሆናል። እንዲህም አላልኩም። የኮቪድ ቫይረስ የሚገባበት በር፣ ኤሲኢ2 የሚባለው፣ ከጉበት ሴል ይልቅ በሐሞት ቱቦ ሴሎች ላይ ይበዛል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከከረሙት ጥቂቶቹ ላይ የሐሞት ቱቦ ጠባሳ ታይቷል። አዴኖቫይረስ ደግሞ የመከላከል አቅሙ በወደመ ሰው ላይ ጉበትን በቀጥታ ያጠቃል። ይኼ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ለተራው ጉንፋን አይጠቀስም።

ሕፃናት ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ሳልናገረው አላልፍም። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ለያዘው ልጅ አስፕሪን አትስጡ። ሬይ ሲንድረም የሚባል፣ ጉበትን በስብ ሞልቶ አንጎልን የሚያሳብጥ አደጋ አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1980 ብቻ 555 ልጆች ላይ ተመዝግቧል። ለልጅ አስፕሪን አትስጡ ከተባለ በኋላ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ወደ ንዴቴ ልመለስ። ጥፋቱ የእኛም ነው። ምርመራውን «ኤልኤፍቲ» እንለዋለን፤ የጉበት ሥራ ምርመራ ማለታችን ነው። ኤኤስቲና ኤኤልቲ ግን ሥራ አይለኩም፣ ስባሪ ነው የሚቆጥሩት። ወጡ ደርሷል ወይ፣ ለቀስተኛው በልቷል ወይ የሚለውን ማወቅ የፈለገ የደም መርጋትን የሚለካውን አይኤንአር ይይ፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን ይይ፣ ስኳሩን ይይ፣ በሽተኛው ልጁን በስሟ ይጠራ እንደሆነ ይይ። ኤኤስቲ 3,400 ሆኖ አይኤንአሩ ያልተናጋ ሰው አለ። ኢንዛይሙ ወርዶ አይኤንአሩ የሚወጣ ሰውም አለ፤ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የሚሰበር ሳህን ያለቀበት ቤት ነውና።

ዓይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ «የወፍ በሽታ» ይባላል። የሌሊት ወፍ እኛ አገር ድሮም በጉበት ስትከሰስ የኖረች ናት፤ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ሳንባም ተደረበባት። በከባድ የሳንባ ምች ዓይን ቢጫ ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ብግነቱ የሐሞትን ፍሰት አዘግይቶት ነው።

ማጽጃውስ? ጉበት የሚጸዳ ዕቃ አይደለም። እንዲያውም የሚደርስበትን ሁሉ የሚያጥበው እሱ ነው፤ የታመመ ሰሞን ሌላ የሚታጠብ አትጨምሩበት። «ተፈጥሯዊ ነው» ለሚሉኝ የትግራዩን ጣህታይ ቆራሮ አነሳለሁ። እዚያ ስንት ሰው በጉበት በሽታ ካለቀ በኋላ፣ ምክንያቱ እህል ውስጥ የገባ የአረም መርዝ ሆኖ ተገኘ። አረምም ተፈጥሯዊ ነው።

አባትየው በ19ኛው ቀን ወጡ። ኤኤስቲ 38። ኤኤልቲ ግን 71 ላይ ቆመ። በወሩ ቢመጡም 74። ለከባዱ ምች ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ወስደው ነበርና፣ ስቴሮይድ ደግሞ ተኝቶ የቆየ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ሲገቡ ማዘዝ የነበረብኝን ምርመራ ያኔ አዘዝኩ። ሄፓታይተስ ቢ ተገኘ። ከስንት ዘመን በፊት፣ ምናልባት በልጅነታቸው የያዛቸው።

«አየህ፣ ወርዶ ነበር» አለችኝ ልጅቷ።

«ይኼኛው ከአንቺ በፊት እዚያው ነበር» አልኳት። በማግስቱ እናቷንና ሦስት ወንድሞቿን ይዛ ለምርመራ መጣች።