በፊልም ውስጥ የተሸሸጉ ምልክቶች

ኢስተር ኤግ የሚባለው ለፊልሙ ታሪክ አስፈላጊ ሳይሆን፣ አስተውሎ ለሚያይ ወይም ለሚሰማ ተመልካች ተብሎ በትዕይንት፣ በድምፅ፣ በአልባሳት ወይም በጽሑፍ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚሸሸግ ምልክት ነው። ከሰምና ወርቅ ጋር ማመሳሰል ይቀናል፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ቅኔ ወርቁ ካልተገኘ አልተፈታም፤ ኢስተር ኤግ ያመለጠው ተመልካች ግን ፊልሙን በሚገባ ተረድቶ ከሲኒማ ቤት ሊወጣ ይችላል። የሚያመልጠው የታሪኩ ትርጉም ሳይሆን ከሠሪዎቹ የተላከለት ጥቅሻ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜው ከየት መጣ

ቃሉ ወደ ፊልም የገባው ከቪዲዮ ጌም ነው። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጨረሻ የጌሞቹን ፕሮግራመሮች ስም በምርቶቹ ላይ አያወጣም ነበር። «አድቬንቸር» የተባለውን ጌም የሠራው ዋረን ሮቢኔት በዚህ ቅር በመሰኘቱ ለአለቆቹ ሳይናገር አንድ ምስጢራዊ ክፍል ጨመረበት። ወደዚያ ክፍል ለመግባት ተጫዋቹ ከአካባቢዋ ቀለም ጋር ስለምትመሳሰል በቀላሉ የማትታይ፣ ነጥብ የምታክል ግራጫ ነገር ከጥቁሩ ቤተ መንግሥት ፈልጎ ማግኘትና ተሸክሟት ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ ነበረበት፤ ከተሳካለት ጌሙን የሠራው ዋረን ሮቢኔት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ቀለሙን እየለዋወጠ ይታየዋል። ጌሙ በ1980 ገበያ ላይ ውሎ አንድ ታዳጊ ምስጢሩን ደርሶበት ለኩባንያው ሲጽፍ ሮቢኔት ሥራውን ለቆ ሄዷል። ጌሙን አርሞ እንደገና ማምረት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ የሶፍትዌር ክፍሉ ኃላፊ ስቲቭ ራይት ነገሩ እንዳለ እንዲቀመጥ፣ እንዲያውም በሌሎች ጌሞች ውስጥ እንዲለመድ ሐሳብ አቀረበ። በምዕራቡ ዓለም ለፋሲካ ያሸበረቁ እንቁላሎችን በግቢ ውስጥ ደብቆ ልጆችን ማስፈለግ የተለመደ ስለሆነም ለነገሩ ኢስተር ኤግ፣ ማለትም የፋሲካ እንቁላል፣ የሚለውን ስም ሰጠው። የፋሲካን እንቁላል የሚያውቀው በዶሮ ወጥ ውስጥ ለሆነ አንባቢ ምሳሌው ሩቅ ቢመስልም፣ ከስያሜው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው መነሻው ነው፤ ነገሩ የተወለደው ስሙን የተነፈገ ሠራተኛ ፊርማውን በምስጢር በማኖሩ ነው።

ፊርማ በፊልም ላይ

በፊልም ውስጥ ልማዱ ከስያሜው በጣም ይቀድማል። የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሒችኮክ በ1927 ከወጣው «ዘ ሎጀር» ጀምሮ በአብዛኞቹ ፊልሞቹ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር፤ አንዴ አውቶቡስ ያመልጠዋል፣ ሌላ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ባርኔጣ አድርጎ ቆሞ ይታያል። ትልቁ ፈተና የገጠመው በ1944 በወጣው «ላይፍቦት» ላይ ነው። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባሕር ላይ በምትንሳፈፍ አንዲት የነፍስ አድን ጀልባ ውስጥ ስለሚያልቅ መንገደኛ ሆኖ የሚያልፍበት ጎዳና አልነበረም። መፍትሔው አንደኛው ገጸ ባሕርይ የሚያነበው ጋዜጣ ሆነ። በጋዜጣው ላይ ሬዱኮ የተባለ የፈጠራ የማክሻ መድኃኒት ማስታወቂያ ይታያል፤ በማስታወቂያው ላይ ያለው «ከመክሳቱ በፊት» እና «ከከሳ በኋላ» የሚታየው ሰው ሒችኮክ ራሱ ነው፤ በዚያን ጊዜ በእርግጥም ብዙ ኪሎ ቀንሶ ነበር። ተመልካቹ እርሱን ፍለጋ ላይ ተጠምዶ ታሪኩን እንዳይስት በመስጋት በኋለኞቹ ፊልሞቹ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ታይቶ መገላገልን መረጠ። ዛሬ ብዙ አዘጋጆች ቢከተሉት የሚጠቅማቸው ጥንቃቄ ይመስለኛል።

ጆርጅ ሉካስ ደግሞ ፊቱን ሳይሆን የመጀመሪያ ፊልሙን ቁጥር ነው የሚደብቀው። በ1971 የወጣው ፊልሙ ርዕስ «ቲኤችኤክስ 1138» ሲሆን፣ በ1977ቱ «ስታር ዋርስ» ውስጥ 1138 የእስር ቤት ክፍል መለያ ሆኖ ይጠራል። ሉካስ ከስቲቨን ስፒልበርግ ጋር የሚለዋወጠው ጥቅሻም ታዋቂ ነው። ስፒልበርግ ባዘጋጀውና በ1981 በወጣው የኢንዲያና ጆንስ የመጀመሪያ ፊልም ላይ ጀግናው ታቦተ ጽዮንን በሚያገኝበት ጥንታዊ የግብፅ ዋሻ ውስጥ፣ በአንደኛው ዓምድ ላይ ከተቀረጹት ምስሎች መካከል የ«ስታር ዋርስ» ሮቦቶች አር2-ዲ2 እና ሲ-3ፒኦ ይገኛሉ። ታቦቱ አክሱም ጽዮን መኖሩን የሚያምን ኢትዮጵያዊ ተመልካች ፊልሙ ግብፅ ውስጥ ታኒስ ወደተባለ ከተማ በመውሰዱ ሲከራከር ሮቦቶቹን ሳያያቸው ቢያልፍ አይፈረድበትም። ስፒልበርግ በ1982 «ኢ.ቲ.» ውስጥ የ«ስታር ዋርስ»ን ገጸ ባሕርይ የዮዳን ልብስ የለበሰ ልጅ ሲያሳልፍ፣ ሉካስ በ1999ኙ ፊልሙ የኢ.ቲ.ን ወገኖች ከጠፈር ምክር ቤቱ አባላት መካከል አስቀምጦ ውለታውን መልሷል።

የሚሸሸገው ምስል ብቻ አይደለም። የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት በ1951 ለተሠራ ፊልም የተቀረጸ የአንድ ሰው ጩኸት በድሮ የድምፅ ክምችት ውስጥ አግኝቶ፣ በ1953 ፊልም ላይ በቀስት ሲመታ ይህንኑ ጩኸት በሚያሰማው ወታደር ስም «የዊልሄልም ጩኸት» አለው። «ስታር ዋርስ» ውስጥ አንድ ወታደር ተመትቶ ወደ ገደሉ ሲወድቅ የሚሰማው እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የድምፅ ባለሙያዎችም እየተቀባበሉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ፊልሞች ውስጥ አስገብተውታል። ጆሮው አንዴ የለመደው ሰው በጦርነት ትዕይንት መካከል ሳይወድ ፈገግ ይላል።

ክፍል ኤ113

በዚህ ልማድ ከፒክሳር የሚስተካከል ስቱዲዮ የለም። ኤ113 በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበባት ተቋም የአኒሜሽን ተማሪዎች የሚማሩበት የአንድ ክፍል ቁጥር ነው። በኋላ የፒክሳር ፊልሞች አዘጋጅ የሆኑት ጆን ላሴተርና ብራድ በርድ በዚያ የተማሩ ሲሆን፣ ቁጥሩን ወደ ሥራው ያስገባው በርድ በ1987 ለቴሌቪዥን በሠራው አኒሜሽን ነው። በ1990 ባዘጋጀው የ«ሲምፕሰንስ» ክፍል ውስጥም እስረኛው በፖሊስ ፎቶ ሲነሣ የያዘው ሰሌዳ ላይ ይህ ቁጥር አለ።

ፒክሳር በ1995 «ቶይ ስቶሪ»ን ሲያወጣ ቁጥሩ የአንዲ እናት መኪና ታርጋ ሆነ። በ«ፋይንዲንግ ኒሞ» ጠላቂው በያዘው ካሜራ ላይ፣ በ«ራታቱዪ» ከላቦራቶሪ ባመለጠው አይጥ ጆሮ ላይ በተንጠለጠለችው መለያ ላይ ይታያል። በ«ዎል-ኢ» ግን ከጌጥነት አልፎ የታሪኩ ቋጠሮ ሆኗል፤ የጠፈር መርከቧን አውቶፓይለት የሰው ልጆችን ወደ ምድር እንዳይመልስ የሚያዘው ምስጢራዊ ትእዛዝ መጠሪያው ኤ113 ነው። የእኔ ምርጫ ግን የ2012ቱ «ብሬቭ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በጥንት ስኮትላንድ ስለሆነ ታርጋም ካሜራም የለም፤ በመሆኑም ቁጥሩ በጠንቋይዋ ቤት በር ላይ በሮማውያን አኃዝ ተቀርጿል። በዚያው ቤት ውስጥ፣ በሌሎች የስቱዲዮው ፊልሞች ውስጥ ብቅ የሚለው የፒዛ ማመላለሻ መኪና ሞተር ባልነበረበት ዘመን ከእንጨት ተጠርቦ ከሌሎች ቅርጾች መካከል ተቀምጧል። እገዳው ራሱ ብልሃትን ይወልዳል ለማለት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ስቱዲዮው ገና ያልወጡ ፊልሞችንም አስቀድሞ ያሳያል። በ2001ዱ «ሞንስተርስ ኢንክ» መጨረሻ ሕፃኗ ለጓደኛዋ ከምትሰጠው አሻንጉሊቶች አንዱ ኒሞ ነው፤ የኒሞ ፊልም የወጣው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ2009 «አፕ» ውስጥ ደግሞ ቤቱ በፊኛዎች ተንጠልጥሎ በአንዲት ልጅ መስኮት አጠገብ ሲያልፍ፣ በቀጣዩ ዓመት የ«ቶይ ስቶሪ 3» ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚሆነው ሐምራዊ ድብ ወለሉ ላይ ይታያል።

ለእኛ ያልተደበቀ

የተደበቀ የሚባለው ነገር እንደ ተመልካቹ ይለያያል። በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» አልባሳት ባለሙያዋ ሩት ካርተር ከልዩ ልዩ የአፍሪካ ሕዝቦች ያሰባሰበችው ነው፤ ለዚህም ሥራ በ2019 ኦስካር ተሸልማለች። የወንዝ ጎሣ ሽማግሌ ሆኖ የሚታየው ተዋናይ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ክብ ጌጥ አድርጓል። ይህ ከኦሞ ሸለቆ የሙርሲና የሱሪ ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑን ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ይልቁንም እኛ የምናየውና ሌላው የማያየው ሌላ ነገር አለ፤ በሁለቱ ሕዝቦች ዘንድ የከንፈር ሸክላ የሴቶች ጌጥ ሲሆን በፊልሙ ላይ ያደረገው ወንድ ነው።

በ2019 የወጣው «አንከት ጀምስ» ደግሞ የሚከፈተው በወሎ የኦፓል ማዕድን ማውጫ ነው። ከዚያ የወጣው ድንጋይ ኒው ዮርክ ገብቶ የታሪኩ ሞተር ይሆናል፤ በመካከልም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ማለትም ዘ ዊኬንድ፣ ራሱን ሆኖ ብቅ ይላል። ግጥምጥሞሹ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚጥም ቢሆንም፣ ኢስተር ኤግ ለመባል የደባቂው ቃል ወይም የማያሻማ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ያልተደበቀውን ማግኘት

ማስረጃ የሌለው ፍለጋ የሚያደርሰው የት እንደሆነ ለማየት ብርቱካን በቂ ነው። በ1972ቱ «ጎድፋዘር» ውስጥ ቪቶ ኮርሊዮኔ ብርቱካን ሲገዛ በጥይት ይመታል፣ ሲሞትም የብርቱካን ልጣጭ በአፉ ይዞ ከልጅ ልጁ ጋር ሲጫወት ነው። ተመልካቾች ብርቱካን የሞት ምልክት ነው ብለው ደመደሙ። የትዕይንት ንድፍ ባለሙያው ዲን ታቩላሪስ ግን ብርቱካኑን የመረጠው ጨለማ የበዛበትን ትዕይንት በቀለሙ ለማድመቅ እንደነበር ገልጿል። በአንጻሩ ማርቲን ስኮርሴዚ በ2006 ፊልሙ «ዘ ዲፓርትድ» ውስጥ ሊሞቱ በተቃረቡ ሰዎች አጠገብ የሚያስቀምጠው የመስቀለኛ ምልክት በእርግጥም የታሰበበት ነው፤ የ1932ቱን «ስካርፌስ» ለማስታወስ ያደረገው ነው።

የቪዲዮ ካሴት መስፋፋት ሰው ፊልሙን በቤቱ እያቆመና እየመለሰ እንዲያይ ሲያስችለው ከእውነተኛው ግኝት ጋር ወሬውም በዛ። በ1939 «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ጫካ ውስጥ ራሱን የሰቀለ ሰው ይታያል ተባለ፤ የሚታየው ለቀረጻው ከእንስሳት መኖሪያ ከመጡት ትልልቅ ወፎች አንዱ ነው። በ1987 በወጣው «ስሪ ሜን ኤንድ ኤ ቤቢ» ደግሞ ከመስኮት መጋረጃ ጀርባ የቆመ ልጅ የሚመስል ምስል ስላለ፣ በዚያ ቤት የሞተ ልጅ መንፈስ ነው የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ። ቤቱ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ የኖረበትም የሞተበትም ልጅ የለም፤ ምስሉ በፊልሙ ውስጥ የተዋናይ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወተው የቴድ ዳንሰን ፎቶ በካርቶን ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ወሬ አልነበረም። በ1977 የወጣው የዲዝኒ የልጆች አኒሜሽን «ዘ ሬስኪወርስ» ውስጥ፣ በሁለት ፍሬሞች ብቻ፣ በአንድ ሕንፃ መስኮት ላይ የእርቃን ሴት ፎቶ ተሸጉጦ ነበር። በሲኒማ ፍጥነት ዓይን አይዘውም፤ በቤት ማጫወቻ ግን ፍሬም በፍሬም ማቆም ይቻላል። ኩባንያው በ1999 ወደ 3.4 ሚሊዮን የሚጠጉ የቪዲዮ ካሴቶችን ከገበያ እንዲመለሱ አድርጓል።

ከፊርማ ወደ ገበያ

ዲቪዲ ሲመጣ ምስጢሩ ከፊልሙ አልፎ ወደ ማውጫው ገባ፤ የ2000ው «ሜሜንቶ» ታሪኩን ከኋላ ወደ ፊት የሚተርክ ሲሆን፣ በልዩ እትሙ ዲቪዲ ላይ እንቆቅልሹን የፈታ ሰው ፊልሙን በጊዜ ቅደም ተከተሉ ማየት ይችል ነበር። በማርቬል ፊልሞች ደግሞ ነገሩ የንግድ ሥርዓት ሆኗል። ከ2008ቱ «አይረን ማን» ጀምሮ ከስሞች ዝርዝር በኋላ ስለ ቀጣዩ ፊልም ፍንጭ የሚሰጥ ትዕይንት ማስቀመጥ ተለመደ። ቀደም ሲል ተጠራጣሪ ዓይን ብቻ የሚያገኘው ነገር አሁን ቲኬት የቆረጠ ሁሉ የሚጠብቀው በመሆኑ፣ ብዙዎቹን ኢስተር ኤግ ማለት ይከብደኛል።

የ2019 «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ግን ልማዱን ገልብጦታል። ተመልካቹ እንደለመደው በወንበሩ ቆይቶ በሺዎች የሚቆጠሩ የአኒሜተሮች፣ የድምፅ ባለሙያዎችና የሾፌሮች ስም በጥቁሩ ስክሪን ላይ ወደ ላይ ሲሄድ ይጠብቃል። በመጨረሻ ትዕይንት አይመጣም። ብረት በመዶሻ ሲቀጠቀጥ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ በመጀመሪያው «አይረን ማን» ቶኒ ስታርክ በዋሻ ውስጥ ታግቶ የመጀመሪያውን የጦር ልብሱን ሲሠራ የተሰማው ድምፅ ነው።