ሲክስቲ ሲክስ፦ እየሰፋ የሄደው የሰሜን ቨርጂኒያ የክፍያ መንገድና ጎረቤቶቹ

ኢንተርስቴት 66 ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ ሰሜን ቨርጂኒያን ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ ፈጣን መንገድ ነው። 76 ማይል ገደማ ይረዝማል። እዚያ የሚኖረው ሀበሻ ስሙን አያንዛዛም፤ «ሲክስቲ ሲክስ» ብሎ ይገላገላል። ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ማታ ወደ ቤት የሚነዳ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ቀድሞ የሚታየው የኋላ መብራት ሰልፍ ነው። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ሰፋ። ቶል የሚሉት የመንገድ ክፍያም መጣበት።

ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ 66ን ለሁለት ይከፍለዋል። የሁለቱ አመል ለየቅል ነው። ከቤልትዌይ ወደ ውስጥ ያለው 10 ማይል ገደማ ሲሆን በፎልስ ቸርችና በአርሊንግተን ያልፋል። እዚህ ራሽ አወር ላይ፣ ማለትም መኪና በሚበዛበት ሰዓት፣ ሕዝቡ በሚጎርፍበት አቅጣጫ ሁሉም ሌን (የመኪና መሄጃ መስመር) የክፍያ ነው። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ከ5፡30 እስከ 9፡30 ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት ከ3 እስከ 7 ወደ ምዕራብ ማለት ነው። ከቤልትዌይ ወደ ውጭ ግን ነፃውና ባለ ክፍያው ጎን ለጎን ናቸው። በየአቅጣጫው ሦስት ነፃ ሌን አለ፣ ኤክስፕረስ የሚባል ሁለት ባለ ክፍያ ሌን አለ። ኤክስፕረሱ 24 ሰዓት ያስከፍላል።

ነገሩ የጀመረው ግን ከቶሉ በጣም ቀድሞ ነው። 66 በ1964 (እዚህ ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከምዕራብ መጥቶ ቤልትዌይ ላይ ደረሰና ቆመ። 18 ዓመት እዚያው ቆመ። ምክንያቱ አርሊንግተን ነው። ያኔ የታሰበው ስምንት ሌን ያለው መንገድ በሰፈሮቹ መሃል ሰንጥቆ እንዲያልፍ ነበር። ነዋሪው ተደራጅቶ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1972 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መንገዱ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሳይጠና ሥራው እንዳይቀጥል ወሰነ። በ1975 የአገሪቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዊልያም ኮልማን ዕቅዱን ውድቅ አደረጉት።

በጥር 1977 ግን ኮልማን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ባዶ እጃቸውን ሳይሆን ቅድመ ሁኔታ ደርድረው ነው። መንገዱ ከአራት ሌን አይበልጥም። የጭነት መኪና አይገባበትም። ራሽ አወር ላይ ብዙ ሰው የጫነ መኪና ብቻ ይሄድበታል። የድምፅ መከላከያ ግድግዳ ይሠራለታል። መሃሉ ላይ ለሜትሮ ባቡር ቦታ ይተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የ66ን ታሪክ ለመረዳት ከዚህ ዝርዝር የበለጠ ሰነድ የለም። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ሁሉ ከዚህ ዝርዝር አንዱን መጠበቅ ወይም አንዱን መሸርሸር ነው።

መንገዱ በታኅሣሥ 1982 ተከፈተ። ባቡሩም ቃሉ ተጠብቆለት በ1986 ቪየና ድረስ ገባ፤ የቨርጂኒያዋ ቪየና ማለቴ ነው። ዛሬ ኦሬንጅ ላይን በሚባለው የሜትሮ ባቡር ላይ ተቀምጦ በመስኮት ሲያዩ ግራና ቀኝ የቆሙ መኪናዎች የሚታዩት ለዚህ ነው። የጭነት መኪና ክልከላውም እስካሁን ከቤልትዌይ ውስጥ ይሠራል። የሰው ብዛቱ ሕግ ግን ቶሎ ላላ። መጀመሪያ አራት ሰው የጫነ መኪና ነበር የሚፈቀድለት። በ1983 ሦስት ሆነ፣ በ1995 ሁለት። ሌኑም ቢሆን ወደ ምዕራብ በሚወስደው በኩል በቁርጥራጭ ተጨመረበት።

ከዚያ ቶሉ መጣ። ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ሰኞ ጠዋት ብቻውን የሚነዳ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍሎ መግባት ቻለ። «ቻለ» የምለው ቀድሞ በራሽ አወር ከጥቂቶች በቀር ስለማይፈቀድለት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ዋጋው እስከ 34.50 ዶላር ወጣ። በማግስቱ 40 ደረሰ። ለአስር ማይል! ከተማው በሙሉ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቆመ።

ዋጋው እንዲህ የሚወጣው በየስድስት ደቂቃው እንደ መኪናው ብዛት ስለሚቀያየር ነው። መንገዱ ሲሞላ ይወደዳል፣ ሲቀል ይረክሳል። ዓላማው ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ አይደለም። የተወሰነው ሰው «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብሎ እንዲመለስና የገባው እንዲፈጥን ነው። በአዲስ–አዳማ መንገድ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል። እዚያ ሒሳቡ በርቀትና በመኪናው ዓይነት የታወቀ ነው፣ ደጃፉም ላይ ገንዘብ ተቀባይ ተቀምጧል። 66 ላይ ሰው የለም። ከላይ ካሜራና ማንበቢያ ተሰቅሏል፣ መግቢያው ላይ ዋጋው በመብራት ተጽፏል። ያንን ቁጥር አንብቦ ለመግባት ወይም ለመተው የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ሦስት ሰው የጫነ መኪና በነፃ ያልፋል። ለዚህ ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ሳጥን ነው፤ የምትገፋ ቁልፍ አለችው። ከመግባት በፊት ቁልፏን ገፋ ማድረግ ነው። ረስቶ የገባ ይከፍላል፣ ሳይሞላ የገፋ ፖሊስ ከያዘው ይቀጣል። ሕፃን ልጅም እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራል። ሁለት ልጅ ከኋላ ያሰረች እናት ዶላር ሳታወጣ ስታልፍ፣ አጠገቧ ባለው መኪና ብቻውን የተቀመጠው ጠበቃ ይከፍላል።

ከዚህ ሕግ ጋር በጣም የሚተናነቁት ደለስ አየር ማረፊያን ይዘው የሚሠሩ ሾፌሮች ናቸው። ብዙ ወገኖቻችን በታክሲና በኡበር ሥራ ላይ ስላሉ ጉዳዩ ቤታችን ድረስ ይገባል። ቀድሞ ወደ ደለስ የሚሄድ ወይም ከደለስ የሚመጣ ሰው ብቻውንም ቢሆን በ66 ማለፍ ይፈቀድለት ነበር። ቶሉ ሲመጣ ያ ቀረ። ያም ሆኖ ሾፌሩ ራሱ ስለሚቆጠር አንድ ተሳፋሪ ከያዘ ሁለት ሰው ሆኖ በነፃ ያልፍ ነበር። በታኅሣሥ 2022 ደንቡ ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ ሲል ያም ተዘጋ። አሁን አንድ ተሳፋሪ የያዘ ሾፌር ይከፍላል፣ ባዶውን ሲመለስም ይከፍላል። ካልሆነ በሩት 50 ወይም በሩት 29 መብራት እየቆጠረ ይሄዳል።

የቤልትዌይ ውስጡ ማስፋፊያ የድርድር ውጤት ነው። በ2016 የያኔው የቨርጂኒያ ገዢ ቴሪ ማካሊፍና የምክር ቤት አባላት ተስማሙ። ቶሉ ይግባ፣ በምላሹ ወደ ዲሲ የሚወስደው መንገድ ከደለስ መገናኛ እስከ ቦልስተን አራት ማይል ያህል አንድ ሌን ይጨመርለት ተባለ። አርሊንግተን ለአሥርተ ዓመታት የተከላከለችው ነገር በዚህ አለቀ። በምትኩ ያገኘችው ነገር አለ። የቶሉ ገቢ በሰሜን ቨርጂኒያ ትራንስፖርት ኮሚሽን በኩል ለአውቶቡስ መስመሮችና ለመሳሰሉት ይውላል። እዚያው የሚያልፈው የእግረኛና የብስክሌት መንገድም ያኔ ሊ ሃይዌይ ይባል በነበረው መንገድ ላይ የራሱ ድልድይ ተሠራለት። አዲሱ ሌን የተከፈተው በ2020 ነው። አጋጣሚ ሆኖ ኮቪድ ሁሉንም ቤቱ አስቀምጦት ስለነበር የተጠበቀው ግርግር አልነበረም።

ትልቁ ሥራ ግን ከቤልትዌይ ውጭ ያለው ነው። እስከ ጌንስቪል 22.5 ማይል። ወጪው ወደ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ገንቢው የግል ኩባንያዎች ጥምረት ነው። ኤክስፕረስ ሌኖቹን ለ50 ዓመት ያስተዳድራል፣ ቶሉንም ይሰበስባል። ለግዛቱም 579 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ገንዘቡ በዚያው መስመር ለሌሎች ሥራዎች ዋለ። ቶሉ ጣሪያ የለውም። ግዛቱ ከኪሱ ሳያወጣ መንገድ አገኘ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ኪሱ የማን እንደሆነ የሚያውቀው በየቀኑ ከማናሳስ የሚመጣው ሰው ነው።

ሥራው ዓመታት ፈጀ። ሌሊት ሌን ይዘጋል፣ ድልድይ ይፈርሳል፣ መውጫ ይቀያየራል። ትናንት የወጡበት መውጫ ዛሬ የለም። በመንገዱ ዳር የነበረው ዛፍ ብዙው ተቆረጠ። ለዓመታት ቅጠል ሲያይ የኖረ ጓሮ በአንድ ክረምት ግድግዳ ማየት ጀመረ። ደን ሎሪንግ በሚባለው ሰፈር ዕቅዱ ቤቶችንና የትምህርት ቤት ግቢን ይነካል ተብሎ ወላጆች ተሰብስበው ሲከራከሩ ነበር።

ስለ ግድግዳው አንድ ነገር ልጨምር። ከመንገዱ ጋር አብሮ 11 ማይል ያህል የእግርና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። በወረቀት ላይ ደስ ይላል። የተወሰነው ክፍል ግን ከድምፅ መከላከያው ወዲህ፣ በመኪናዎቹ በኩል ነው ያለው። ግድግዳው ቤቶቹን ከድምፁ ይጋርዳል፤ በብስክሌት የሚሄደውን ግን ከድምፁ ጋር አብሮ ይዘጋበታል።

የተሻሻለም አለ። በሩት 28 ላይ አራት የትራፊክ መብራት ተነስቷል። አውቶቡሶች በኤክስፕረሱ ሳይጉላሉ ይሄዳሉ፣ ወደ 4,000 የሚጠጋ አዲስ ፓርኪንግም ለሚሳፈረው ተሠርቷል። ቪየና ሜትሮ አጠገብ ናትሊ ስትሪት ላይ ደግሞ ሁለት አደባባይ ተሠራ። መስቀል አደባባይን ነድቶ ያለፈ ሰው ይህ አያስፈራውም።

ሌን በመጨመር ብቻ መጨናነቅ ይቀራል ወይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። ሂዩስተን ውስጥ ያለው ኬቲ ፍሪዌይ በ2008 2.8 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ አንዳንድ ቦታ የጎን መንገዶቹን ጨምሮ እስከ 26 ሌን ሰፍቶ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ራሽ አወሩ ተመልሶ መጣበት። መንገድ ሲሰፋ ራቅ ብሎ ቤት የሚገዛው ይበዛል፣ መኪናውም ይበዛል። 66 ላይ ይህን ይከላከላል የተባለው ዋጋው ነው። ኤክስፕረሱ ይፈጥናል። አጠገቡ ያሉት ሦስት ነፃ ሌኖች ላይ ግን ዋጋ የለም።

ባቡሩ ዛሬም ቪየና ላይ ያበቃል። አዲሱ መንገድ ሲነደፍ ከዚያ ወዲያ በመሃሉ ለወደፊቱ የሕዝብ ትራንስፖርት የሚሆን ቦታ እንዲተው ተደርጓል።