ካርድ ተሞልቶ ብሬከር ለምን ይወርዳል?

«500 ብር ካርድ ሞልቼ እንዴት መብራት ይጠፋብኛል?» እዚህ ባሕር ዳር ሽምብጥ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰማሁት። ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። በካርድ የሚሞላው ቆጣሪ የሚቆጥረው በጠቅላላ የተጠቀምነውን ነው፤ በኪሎዋት ሰዓት። ብሬከሩ፣ ማለትም ኃይል ሲበዛ መብራቱን የሚያቋርጠው መሣሪያ፣ የሚያየው ግን በአንድ ጊዜ የምንስበውን ነው። ሂሳብ ቢተርፍም፣ ከልክ በላይ ከተሳበ ይወርዳል።

በባለ 25 አምፔር ብሬከር እንየው። 25 በ220 ቮልት ሲባዛ 5500 ዋት ነው። ምጣዱ 3500፣ ምድጃው 1500 ቢስቡ 5000 ይሆናል፤ ይችለዋል። በዚያ ላይ ባለ 1800 ዋት የውሃ ማፍያ ስትሰኩ 6800 ይደርሳል። ቆይቶ ሊወርድ ይችላል። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ቅርባችን መሆኑ እዚህ ላይ አይረዳንም።

ስሌቱ የትም ቤት አንድ ነው። የሚለያየው የብሬከሩ አምፔርና የዕቃው ዋት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ላያቸው ላይ ተጽፏል። ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ የሁሉም ምጣድ ይደመራል። እንጀራ በተራ መጋገር ነው።

እባካችሁ ብሬከሩን ብቻ በትልቅ አትቀይሩ! እሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በጊዜ ካልወረደ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አቅሙ በእርግጥ ካልበቃችሁ፣ ሽቦውን በባለሙያ አስፈትሹና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአቅም ማሳደጊያ ጥያቄ አቅርቡ።