አጭር የሥራ ላይ እረፍት ምንድን ነው?

ስለ መምህራን የሥራ ጫና በተነሣ ቁጥር «መምህር እኮ ባዶ ክፍለ ጊዜ አለው፤ እዚያው ቁጭ ብሎ መንፈሱን ያድስ» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ ይኸው ክርክር «አጭር እረፍት» የተባለውን የሥራ ሥነ ልቦና ጽንሰ ሐሳብ ተገን አድርጎ ሲቀርብ ስላየሁ፣ ጽንሰ ሐሳቡ ያላለውን እንዳለ ተደርጎ ሲጠቀስ በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

በእኛ በሥራ ሥነ ልቦና ሙያ አጭር እረፍት የሚባለው ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ሠራተኛው ሐሳቡን ከያዘው ሥራ የሚያላቅቅበት ቆይታ ነው። ወሳኙም መላቀቁ እንጂ መቀመጡ አይደለም። አንዲት መምህርት በባዶ ክፍለ ጊዜዋ የ60 ተማሪ ደብተር ከፊቷ ከምራ ቀይ እስክሪብቶ ካነሣች፣ ወይም የተከታታይ ምዘና ውጤት በማርክ ሊስት ላይ ከሞላች፣ ከክፍል ወጣች እንጂ ከሥራ አልወጣችም። የወላጆችን የቴሌግራም ቡድን ብታነብም ያው ነው። ደብተሩን ሳትነካ በረንዳ ላይ ቆማ ለሦስት ደቂቃ ግቢውን ብታይ ግን በእርግጥ ዐርፋለች።

ገበሬ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹን ጥቂት ያስተነፍሳቸዋል። ይጠቅማቸዋል፤ ቀንበሩ ግን ከጫንቃቸው አልወረደም፤ ጉልበታቸው የሚመለሰውም ተፈትተው ሲግጡና ሲያድሩ ነው። አስተያየት ሰጪው የትልም ጫፏን ትንፋሽ አይቶ «እንግዲያውስ ሳይፈቱ ይዋሉ» እያለን ነው። በባዶ ክፍለ ጊዜ ደብተር ማረም ደግሞ ያችን ትንፋሽ እንኳ አያህልም፤ በሬውን ከእርሻ አውጥቶ ወደ አውድማ መንዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና 22 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንታኔ፣ አጭር እረፍት ድካምን በመጠኑ እንደሚቀንስና ንቃትን እንደሚጨምር ሲያሳይ፣ በሥራ ውጤት ላይ በጥቅሉ ጉልህ ለውጥ አላገኘም፤ አእምሮን አብዝቶ ለሚያደክም ሥራ ከ10 ደቂቃ የረዘመ እረፍት ሊያስፈልግ እንደሚችልም ጠቁሟል። (ትንታኔው መምህራንን ነጥሎ አልተመለከተም፤ ድካምና ንቃትም በአብዛኛው የሚለኩት ሰዎች ስለ ራሳቸው በሚሰጡት መልስ መሆኑ አይዘንጋ።)

እፎይታ በትምህርቱ መካከልም ይገኛል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነበር፤ ይህ ወደ 3 ሰከንድ ሲያድግ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ በፈቃዳቸው የሚመልሱትም ይበዛሉ። ዝምታው ለተማሪው የታሰበ ቢሆንም መምህሩም በዚያች ቅጽበት አየር በዝግታ ሊያስወጣ ይችላል፤ በዝግታ መተንፈስ የልብ ምትን ያረጋጋልና። ትንፋሹን ማዳመጥ ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሰው ግን ዓይኑን በመስኮት ወደ ውጭ ቢያሳርፍ ይሻለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን የገለጸው በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ክስተት አድርጎ ነው፤ በሽታም አላለው። ስለዚህ ምክሩ ለመምህሯ ብቻ መሰጠቱ አግባብ አይደለም። አራት ክፍለ ጊዜ አከታትሎ የሚደለድል፣ የቀረችውን ባዶ ክፍለ ጊዜም የቀረ መምህር መሸፈኛ የሚያደርግ ምክትል ርዕሰ መምህርም ሊሰማው ይገባል።