«ከራስ በላይ ነፋስ» እና የአባባ አውድማ

ባለፈው ሰሞን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወረድኩ ነበር። ሃረጎ ላይ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «የሥራ ማስታወቂያው መውጣቱን መች ነገርኩት? አብረን ብንመዘገብስ? ከራስ በላይ ነፋስ!» አለና ሳቀ።

እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ይህን አባባል የማውቀው ከአውድማ ነው።

ቦሩ ሜዳ ሲባል ታሪክ የሚወድ ሰው አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ያስደረጉትን የሃይማኖት ጉባኤ ያነሳል። እኔን ትዝ የሚለኝ ነፋሱ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ያለ ደጋ ነው፣ የገብስ አገር። አባባ (አያቴን ነው) አውድማቸውን የሚያበጁት ጉብታ ላይ ነበር። መሬቱ በእበት ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፣ ነዶው ይበተናል፣ ከዚያ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራያሉ። ለልጅ እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው።

ጭንቁ ማዝራቱ ላይ ነው። ነፋስ ከሌለ ማዝራት የለም። ቀኑን ሙሉ ጠብቀን አንዲት ቅጠል ሳትነቃነቅ የሚመሽበት ጊዜ ነበር። አባባ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ዳር ዳሩን ይጠርጋሉ። ያልረገፈውን ዘለላ መልሰው ይወቃሉ። አልፎ አልፎ እፍኝ ገለባ ሽቅብ ይበትኑና ነፋሱ በየት በኩል እንዳለ ያያሉ። የመጣ ዕለት መንሹ ከራሳቸው በላይ ከፍ ይላል፤ ገለባው ይሄዳል፣ ገብሱ እግራቸው ሥር ይወርዳል። መጨረሻ ላይ በላይዳ ይጠራል። እኔ እብቁ አንገቴ ገብቶ ሲበላኝ አለቅሳለሁ። «ከራስ በላይ ነፋስ ነው ልጄ፣ እሱን አታዝዘውም። አንተ ዞረህ ቁም!» ይሉኝ ነበር።

አባባሉ የተወለደው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያለኝ የአባባ አውድማ ብቻ ነው። ግን ቃሉን እዩት። «ራስ» አናትም ነው፣ ገዛ ራስም ነው። ከተማ የገባው ሁለተኛው ብቻ ይመስለኛል። አናቱን ስንረሳው «መጀመሪያ ለኔ» የሚል የስግብግብ መፈክር ሆነና አረፈው። ገበሬው ግን ከአናቱ በላይ ያለውን ለነፋሱ ትቶ፣ መንሹንና አቋቋሙን የራሱ ድርሻ አድርጎ ነበር የያዘው።

ይህን ስል እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ትምህርት እንደጨረስኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ «ሰው አለኝ፣ ያስገባኛል» ስል ከርሜያለሁ። ሰውዬው ዛሬም ድረስ አልደወለም። በነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ ሙያ እንኳ አልተማርኩም። ነፋስ መጠበቁ ባልከፋ፤ የኔ ግን አውድማውም አልተጠረገ።

እና ያ ወጣት ማስታወቂያ ደብቆ የሕይወቱን መሪ የጨበጠ መስሎታል። ጓደኛውን አስቀረ እንጂ ለራሱ ምን ጨመረ? ፈተናውን ያው ብቻውን ይቀመጥለታል። በዚህ ላይ አባባን ምስክር አድርጎ መጥራቱ! ክፉ ሥራችሁን በራሳችሁ ቃል ሥሩ እንጂ የገበሬ ተረት ምን አደረጋችሁ?

ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ መስኮቷን ይዝጓት፤ ነፋስ ገባ።»