የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ስልጠና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለመምህራኖቻቸው፣ ለአስተዳደር ሠራተኞቻቸውና ለኃላፊዎቻቸው በየጊዜው የሙያ ማሻሻያ ስልጠና ያዘጋጃሉ፤ ይሁንና ከስልጠናው በኋላ በክፍልም ሆነ በቢሮ የሚታየው ለውጥ ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው ያንሳል። ጥፋቱ እንደየሁኔታው በአሰልጣኙ ወይም በሰልጣኙ ላይ ይደፈደፋል። በእኔ እይታ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አዳራሹ ከመከራየቱ በፊት፣ ስልጠናውን የሚያቅዱት ሰዎች በያዟቸው ጥቂት የተሳሳቱ እምነቶች ነው፤ ከእነዚህም ዋና ጎጂዎቹ ሰልጣኙ ወደ ሥራው ሲመለስ የሚጠብቀውን ሁኔታ ከግምት የማያስገቡት ናቸው።

«ትምህርቱን ጠልቆ የሚያውቅ ሰው ማስተማሩ አያቅተውም»

የማያውቁትን ማስተማር ስለማይቻል ይህ አመለካከት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ስህተቱ እውቀት ብቻውን ይበቃል የተባለ ጊዜ ነው። የዶክትሬት ትምህርት በዋናነት የሚያሠለጥነው ለምርምር ሲሆን፣ ብዙ ተማሪ ለሚማረው ኮርስ ዕቅድ ማውጣትን፣ የሚፈለገውን ችሎታ በትክክል የሚለካ ፈተና ማዘጋጀትን ወይም ዝም ያለ ክፍል ማነቃቃትን እግረ መንገዱን ካልሆነ በቀር አያስተምርም። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ጆን ሃቲ እና ኸርበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. 58 ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ትንታኔ፣ በመምህራን የምርምር ውጤታማነትና በማስተማር ብቃታቸው መካከል ያለው ተዛምዶ በአማካይ 0.06፣ ማለትም ለዜሮ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ጥሩ ተመራማሪ ደካማ መምህር ነው ማለት ሳይሆን፣ አንድ ሰው በምርምር መላቁ ስለ ማስተማሩ ይህን ያህል የሚነግረን ነገር የለም ማለት ነው።

ማስተማር በልምምድና በግብረ መልስ የሚዳብር ክህሎት መሆኑን ለማየት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ማይክሮ ቲቺንግ መመልከት ይበቃል። መምህሩ ከኮርሱ አንዲት ነጥብ መርጦ ለጥቂት ሰዎች በአጭር ጊዜ ያስተምራል፤ ትምህርቱ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ከዚያ ቀረጻውን ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ያየዋል። ለዓመታት ያስተማረ ሰው «ጥያቄ አለ?» ብሎ፣ ማንም እጁን ለማንሳት ፋታ ሳያገኝ «ከሌለ እንቀጥል» ሲል ራሱን በስክሪን ላይ ሲያይ፣ በንድፈ ሐሳብ ገለጻ የማይገኝ ትምህርት ያገኛል።

«ሰው ያነበበውን 10 በመቶ፣ የሰማውን 20 በመቶ፣ የሠራውን ደግሞ 90 በመቶ ያስታውሳል»

ይህ ስላይድ ያልታየበት የአሠልጣኞች ስልጠና ማግኘት ይከብዳል። ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ የሚያያዙት አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ኤድጋር ዴል እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. ካቀረበው የተሞክሮ ሾጣጣ፣ ማለትም የመማሪያ ተሞክሮዎችን ከተጨባጩ ወደ ረቂቁ ከሚደረድር ሥዕል ጋር ነው፤ የዴል ሾጣጣ ግን አንድም መቶኛ አልነበረበትም፣ ቁጥሮቹን ሌሎች በኋላ የለጠፉበት ናቸው። የሰው ትውስታ በጥናት ተለክቶ እንዲህ በአስር በአስር እየተከፋፈለ እንደማይመጣም መጠርጠር ነበረብን። የማየት፣ የመስማትና የመዳሰስ ተብለው ለተከፋፈሉ «የመማር ስልቶች» እያንዳንዱን ተማሪ እየለዩ ማስተማር ውጤት ያሻሽላል የሚለውም ዕጣው ተመሳሳይ ነው፤ ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ግምገማ አሠራሩን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ተማሪዎቻቸውን ምንጭ ጥቀሱ እያሉ የሚያርሙ መምህራን ይህንኑ ያለ ጥያቄ ማሳለፋቸው ያስገርማል።

«ሰልጣኞች ከወደዱት ስልጠናው ተሳክቷል»

በመጨረሻው ሰዓት የሚሞላው የአስተያየት ቅጽ የሚለካው ስሜትን ነው። የስልጠና ግምገማ ምሁሩ ዶናልድ ከርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ባቀረበው የታወቀ አከፋፈል የሰልጣኝ አስተያየት ከአራቱ ደረጃዎች የመጀመሪያው ብቻ ሲሆን፣ ቀጥለው የሚመጡት ሰልጣኙ ምን ተማረ፣ በሥራው ላይ ምን ለወጠ፣ ተቋሙስ ምን አተረፈ የሚሉት ናቸው። በስሜትና በመማር መካከል ያለው ልዩነት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በግልጽ ታይቷል፤ በንቁ ተሳትፎ የተማሩት ተማሪዎች በፈተና የተሻለ ውጤት ቢያመጡም፣ ማራኪ ገለጻ ካዳመጡት ይልቅ ትንሽ እንደተማሩ ይሰማቸው ነበር። ጥናቱ የተደረገው በተማሪዎች ላይ ቢሆንም፣ መምህራንና ኃላፊዎች ሰልጣኝ ሆነው ሲቀመጡ ከዚህ ስሜት ነፃ ይሆናሉ ብሎ የሚያስገምት ምክንያት የለም።

«ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ከሠለጠኑ ቀሪውን ራሳቸው ይወጡታል»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያባክነው ይህ ይመስለኛል። አንድ መምህር የቡድን ውይይት እንዴት እንደሚመራ ተምሮ፣ በሐሳቡም አምኖበት ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ የጋራ ፈተናውን የሚያወጣው ሌላ መምህር ሲሆን ጥያቄዎቹ በሙሉ ሽምደዳን የሚጠይቁ ናቸው፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው በኮሪደር ሲያገኘው የሚጠይቀው ስንተኛ ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞ አካሄዱ ቢመለስ የሚወቀስበት ምክንያት አይታየኝም። ቲሞቲ ባልድዊን እና ኬቪን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ በስልጠና የተገኘ ነገር ወደ ሥራ መሸጋገሩን የሚወስኑት የሰልጣኙ ባሕርይ፣ የስልጠናው አነዳደፍና የሥራው አካባቢ መሆናቸውን አስቀምጠዋል፤ ዕቅድ ሲወጣ ግን ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ባለቤት አያገኝም።

ስለዚህ የስልጠናውን ሰዓት ሳይጨምሩ አደራደሩን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ለሦስት ተከታታይ ቀናት የታሰበው በሴሚስተሩ ውስጥ ተከፋፍሎ፣ ሰልጣኞች በየመሃሉ የሞከሩትን ይዘው እንዲመለሱ ማድረግ አንዱ መንገድ ነው። መምህሩ በዚያው ሴሚስተር የሚያስተምረውን ኮርስ ዕቅድና የፈተና ወረቀት ይዞ መጥቶ እዚያው ላይ ቢሠራ፣ ሲወጣ በእጁ የሚቀር ነገር ይኖረዋል። ከአንድ ትምህርት ክፍል አንድ ሰው ብቻ ከመላክ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ መላክ ይሻላል፤ ብቻውን የመጣው ሰው አዲስ አሠራሩን የሚያማክረው ያጣልና። የትምህርት ክፍል ኃላፊውም ሰልጣኙን ከመሄዱ በፊት «ምን ይዘህ ልትመለስ ነው?»፣ ከተመለሰ በኋላም «ለመሞከር ምን ያስፈልግሃል?» ብሎ ቢጠይቀው ጊዜ አይፈጅበትም። ባልደረቦች አንዱ የሌላውን ክፍል ገብተው የሚያዩበት ምልከታም እጅግ ይረዳል፤ ነገር ግን ምልከታው ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ መስጫ ከዋለ መምህሩ የሚያሳየው የተዘጋጀበትን ትርኢት ስለሚሆን፣ ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም።

«የሙያ ማሻሻያ ለመምህራን እንጂ ለሌላው ሠራተኛ አይደለም»

አዲስ ተማሪ ተቋሙን የሚያውቀው ክፍል ከመግባቱ በፊት በሬጅስትራር መስኮት ነው። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ቅድመ ሁኔታ ያላቸውን ኮርሶች በደንብ ካላወቀች ተማሪው የተሳሳተ ኮርስ ይመዘገብና ለመመረቅ ሲቃረብ ጉድለቱ ይገኝበታል። የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውና የመኝታ ክፍል አገልግሎት ሠራተኛውም እንዲሁ የተማሪውን ዕጣ በየበኩላቸው ይነካሉ።

«ጥሩ ፕሮፌሰር ጥሩ ዲን ይሆናል»

ትላንት ባልደረባ የነበረ ሰው ዛሬ በጀት ይከፋፍላል፣ የማስተማር ጫና ይደለድላል፣ የጓደኛውን አፈጻጸም ይመዝናል፣ የተማሪ አቤቱታ ይሰማል። በብዙ ተቋማት ሹመቱ በዙር ስለሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቀድሞ ወንበሩ ተመልሶ ከመዘናቸው ሰዎች ጋር እኩል ይሠራል፤ ይህ በሌላ መሥሪያ ቤት እምብዛም የማይገኝ ሁኔታ ስለሆነ ከኩባንያ የተቀዳ የአመራር ስልጠና ሙሉ በሙሉ አይገጥመውም። ለእሱ የሚጠቅመው በእውነተኛ ጉዳዮች ላይ መለማመድ ነው፤ ለምሳሌ ከክፍል ከሚቀር መምህር ጋር የሚደረገውን አስቸጋሪ ንግግር ከሌላ ኃላፊ ጋር አስቀድሞ መሞከር። ጊዜውም ሹመቱን በተረከበባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት እንጂ ስህተቱ ከተከማቸ በኋላ አይደለም።

«ማንኛውም የአፈጻጸም ችግር በስልጠና ይፈታል»

ስልጠና የሚፈታው ሰው ማድረግ የማይችለውን ነገር እንጂ ማድረግ እየቻለ የተከለከለውን አይደለም። የተማሪዎች ውጤት በየሴሚስተሩ ዘግይቶ የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ መጣራት ያለበት መምህራኑ የውጤት ማስገቢያውን ሶፍትዌር መጠቀም ስለማይችሉ ነው ወይስ ሶፍትዌሩ በፈተና ሰሞን ስለሚቆም ነው የሚለው ነው። ምክንያቱ ሁለተኛው ከሆነ ለስልጠና የተያዘው ገንዘብ ለሰርቨሩ ቢውል ይሻላል።