«ፌድ አድርገው፣ ያልቃል»

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኝታ ቤቴን ስቱዲዮ አድርጌ ለቪዲዮና ለሞባይል ጌም ማጀቢያ ሙዚቃ እሠራለሁ። «ሉፑ (እየተደጋገመ የሚዞረው ሙዚቃ) ይቆረጥብኛል» ብሎ የሚመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሞክሮ ነው የሚመጣው፤ መጨረሻውን ፌድ አውት (ድምፁን ቀስ በቀስ ማጥፋት)፣ መጀመሪያውን ፌድ ኢን (ቀስ በቀስ ማምጣት)።

ኧረ በፈጠራችሁ! ፌድ የሚያልቅ ነገር ላይ ነው የሚገባው። ሉፕ ደግሞ አያልቅም። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ የሠራውን ጌም አሰማኝ። ክራር ነው፣ ያምራል። ግን ዙሩ ባለቀ ቁጥር ድምፁ ሟሽሾ ይጠፋና ይመለሳል። «መብራት ሄዶ የመጣ መሰለኝ» አልኩት። ተቀየመኝ።

ቁም ነገሩ ቆጠራው ላይ ነው። ሙዚቃው በደቂቃ 100 ምት ነው፤ አንዱ ምት 0.6 ሰከንድ። ባለ አራት ምት 8 ባር 32 ምት ይሆናል፤ 19.2 ሰከንድ ማለት ነው። የልጁ ፋይል ግን ከ21 ሰከንድ በላይ ነበር። ለምን ቢባል፣ የመጨረሻው ክር ንዝረት እንዳይቆረጥበት ሳስቶ ነው። ስስቱስ ልክ ነው። 19.2 ላይ ቁረጡ፤ የተረፈውን ጭራ ግን አትጣሉት። በሌላ ትራክ ላይ ከሉፑ መጀመሪያ ጋር አስተካክላችሁ አስቀምጡና አንድ ላይ ሚክስ አድርጉት። ክራር ተጫዋችም ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር የፊተኛው ክር ገና እየነዘረ ነው። (ጌሙ ሲከፈት ከየት መጣ የማይባል ጭራ ይሰማል፤ ለእሱ ጭራ የሌለው የመጀመሪያ ዙር ለብቻው ይዘጋጃል።)

«ቀጭ የሚለው ስፒከሩ ነው» የሚሉኝም አሉ። አይደለም። ሞገዱ ከፍ ብሎ ተቆርጦ፣ ሲጀምር ሌላ ቦታ ስለሚገኝ ነው። ኦዳሲቲ (የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ የምትቆርጡትን መርጣችሁ ዜድን ተጫኑ፤ ጫፎቹን ሞገዱ ዜሮን ወደሚያቋርጥበት ይወስዳቸዋል። በቆጠራ ስህተት ለጠፋ ምት ግን መድኃኒት አይሆንም።

«ኤምፒ ስሪውን (የታመቀውን የድምፅ ፋይል) 320፣ ማለትም ከፍተኛው ጥራት ላይ ካደረግኩት ችግር የለውም።» ኤምፒ ስሪ ድምፁን በ1152 ናሙና (ጥቃቅን የድምፅ ልኬት) እየከፈለ ነው የሚያሽገው፤ ከፊትም ከኋላም ዝምታ ይጨምራል። ቁጥሩን ብታሳድጉት ዝምታው አይጠፋም። በዋቭ ወይም በኦግ የፋይል ዓይነት አውጡት።

«ውድ ሶፍትዌር ያስፈልጋል።» ኦዳሲቲ ነፃ ነው።

ልጁ ቂሙን ረስቶ ተመለሰ። እንዳልኩት አስተካክለን ለቀቅነው፤ እኛም ወሬ ያዝን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበች።

«አንተ! ይሄ ዘፈን አያልቅም እንዴ?»